እርጥቡ ጨርቅ እንዳያታልለን

«ሽንት ከልክሏት ቢሆን ኖሮ ደንግጬ ሐኪም ቤት ይዣት በሮጥሁ ነበር። የእኔ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ስትረጥብ ነው የምትውለው። ጨርቋን ስለውጥ፣ ሳጥብና ሳሰጣ ነው የምውለው። ታዲያ እንዲህ የምትሸና ልጅ ኩላሊቷ በምን ይታመማል?»

ይህን ጥያቄ ያቀረቡልን በውቤ በረሃ፣ ከአሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች በአንደኛው የሚኖሩ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ስማቸው እንዳይገለጽ ስለ ጠየቁን አንገልጸውም። የመጨረሻዋ ልጃቸው ሰባት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ወገቧ ላይ አከርካሪዋ ሳይገጥም ቀርቶ፣ እንደ እንቁላል ያበጠ ከረጢት ነበረባት። በተወለደች በሳምንቷ ጀርባዋ በቀዶ ጥገና ተዘጋላት። እግሮቿ ቢሰንፉም እየተደገፈች ትራመዳለች፤ አንደበቷ የተፈታ ነው፤ ፊደሉንም ለይታለች። ሽንቷን ግን መቆጣጠር አልቻለችም። ባለፈው ክረምት ትኩሳት እየደጋገመ ቢያስቸግራት ሐኪም ዘንድ ቀረበች። በአልትራሳውንድ የታየው ነገር እናቲቱን ግራ አጋባቸው፤ አንደኛው ኩላሊቷ በሽንት አብጦ ተገኘ።

የእኚህ እናት ጥያቄ የብዙ እናቶች ጥያቄ በመሆኑ በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ፊኛ ሁለት ሥራ አለው

የሽንት ፊኛ ሥራው ማጠራቀምና ማስወጣት ነው። ከኩላሊቶች የሚወርደው ሽንት ጥቂት በጥቂት ሲገባ የፊኛው ጡንቻ ዘና ብሎ ቦታ ይሰጠዋል፤ ከሥሩ ያለው መዝጊያ ጡንቻ ደግሞ ጠብቆ ይይዘዋል። ፊኛው ሲሞላ ወሬው በኅብለ ሠረሰር በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል። ከመጸዳጃው ቦታ ሲደረስ አንጎል ይፈቅዳል፤ ያን ጊዜ መዝጊያው ይከፈታል፣ ፊኛው ይጨመቃል። ጤናማ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ሳያስበው ነው።

ይህ ትእዛዝ የሚመላለስባቸው ነርቮች የሚወጡት ከኅብለ ሠረሰር የታችኛው ጫፍ ነው። ስፓይና ቢፊዳ በተባለው የአከርካሪ አለመግጠም አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳውም ይኸው ሥፍራ ነው። በቀዶ ጥገና ጀርባው ሲዘጋ ሕፃኑ ከኢንፌክሽን ይጠበቃል፤ የተረፈውም ነርቭ ከተጨማሪ ጉዳት ይድናል። ቀድሞ የተጎዳው ነርቭ ግን አይመለስም። «ጀርባዋ ተዘግቷልና ድናለች» ብለው ከሆስፒታል የወጡ እናቶች ሁለተኛው ሥራ ገና መጀመሩ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል።

ነርቩ የተጎዳ ፊኛ በአብዛኛው ከሁለት በአንዱ መንገድ ይታወካል። አንዳንዱ ልፍስፍስ ብሎ ይቀራል። ሽንቱ እየተጠራቀመ ይሄድና አፉ ድረስ እንደ ሞላ እንስራ የተረፈው ብቻ ይፈስሳል። ሌላው ደግሞ ያለ ጊዜው ይኮማተራል፤ ነገር ግን ፊኛው በሚጨመቅበት ሰዓት መዝጊያውም አብሮ ይጠብቃል። አፉ የታሰረ አቁማዳ ሲጨመቅ ውስጡ ያለው ወዴት ይሄዳል? ጥቂቱ በአፉ ሾልኮ ይወጣል፤ የቀረው ግፊት ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ሽንቱ ወደ ኩላሊት ሽቅብ ሲመለስ ኩላሊት ያብጣል፣ ኢንፌክሽን ሲጨመርበት ይቆስላል፣ ቀስ በቀስም ሥራውን ያቆማል።

የእናቲቱ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ልጆች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይረጥባሉ። እርጥቡ ጨርቅ የሚናገረው ስለ ወጣው ሽንት ብቻ ነው። ስለ ቀረው ሽንትና ውስጥ ስላለው ግፊት አንዳች ነገር አይናገርም። ይህን የሚናገሩት የአልትራሳውንድ፣ የሽንትና የደም ምርመራዎች፣ መሣሪያው ባለበት ቦታም የፊኛ ግፊት መለኪያ ናቸው።

ደስ የሚያሰኘው ነገር ስፓይና ቢፊዳ ይዘው የሚወለዱት አብዛኞቹ ሕፃናት በተወለዱ ጊዜ ኩላሊታቸው ደኅና መሆኑ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ቆይቶ ስለ ሆነ መከላከል ይቻላል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሳሙናና ውኃ ያስገኙት ለውጥ

ቀደም ባሉት ዘመናት እነዚህ ልጆች ጀርባቸው ቢዘጋም እንኳ ብዙዎቹ በኩላሊት በሽታ ይሞቱ ነበር። በበለጸጉት አገሮች የነበረው መፍትሔም ሽንቱን በከባድ ቀዶ ጥገና በሆድ በኩል ማስወጣት ነበር። በየጊዜው በቱቦ ማስወጣት ቢታወቅም በሆስፒታል ውስጥ፣ ከማንኛውም ጀርም በጸዳ ዕቃ ካልተሠራ አደገኛ ነው ይባል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሽንት አካላት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ጃክ ላፒዲስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ይህን እምነት ለወጠው። እርሳቸው እንዳስረዱት ፊኛን ለኢንፌክሽን የሚያጋልጠው ዋናው ነገር ከቱቦው ጋር የሚገባው ጥቂት ጀርም ሳይሆን ሽንት ተጠራቅሞ ፊኛው ከልክ በላይ መወጠሩ ነው። በጊዜው ባዶ የሚሆን ፊኛ ራሱን ይከላከላል። ስለዚህ በሳሙናና በውኃ የታጠበ እጅ፣ በሳሙናና በውኃ የታጠበ ቱቦ ይበቃል አሉ። በመጀመሪያ ብዙ ሐኪሞች ተጠራጠሩ፤ ውሎ አድሮ ግን ዘዴው በዓለም ሁሉ የዚህ ሕክምና መሠረት ሆነ።

ለእኛ ከተማ እናቶች የዚህ ትርጉም ትልቅ ነው። ሕክምናው የሚፈልገው ንጹሕ እጅ፣ ሳሙና፣ አንድ ጆግ ውኃ፣ ቀጭን ቱቦና ሰዓት መጠበቅን ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥም ይቻላል።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ቱቦው ካቴተር ይባላል። ውፍረቱን እንደ ልጁ ዕድሜ የሚመርጠው ሐኪሙ ወይም ነርሷ ነው። ከዚህ በታች የምንገልጸው ያየነውን ለማስታወስ ያህል እንጂ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚተካ አይደለም። የመጀመሪያውን ቀን በነርስ ፊት ቆሞ መማር ግዴታ ነው።

1ኛ. እጅን በሳሙናና በውኃ አጥርቶ መታጠብ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

2ኛ. የልጁን ኀፍረተ ሥጋ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፤ ለሴት ልጅ ከፊት ወደ ኋላ።

3ኛ. የቱቦውን ጫፍ ለዚሁ በተዘጋጀው ማለስለሻ ቀብቶ ሽንት እስኪመጣ ድረስ በቀስታ ማስገባት። እንቢ ካለ በኃይል አይገፋም፤ ልጁ ሳል ወይም ረጅም ትንፋሽ እንዲያደርግ ይጠበቃል።

4ኛ. ሽንቱ ሲያቆም ቱቦውን ጥቂት በጥቂት እየሳቡ ማውጣት፤ በዚያ ጊዜ የቀረውም ይወርዳል።

5ኛ. ድጋሚ እንዲሠራ የተሰጠ ቱቦ ከሆነ ውስጡንም ውጪውንም በሳሙና አጥቦ፣ አለቅልቆና አድርቆ በንጹሕ ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥ። ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ነርሷን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ በሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ይደረጋል። የሰባት ዓመት ልጅ ፊኛ እንደ ደንቡ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለት ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ያነሰ ነው። የወጣውን ሽንት በመስፈሪያ ለክቶ በደብተር መጻፍ ለሐኪሙ ብዙ ነገር ይነግረዋል።

የምናነጋግራቸው እናት በመጀመሪያ እሺ አላሉም ነበር። ምክንያታቸውንም ሳይደብቁ ነግረውናል። «ሴት ልጅ ናት። ነገ ልዳራት እመኛለሁ። ቱቦ ሲገባባት ክብርናዋ ቢጠፋስ ብዬ ፈራሁ» ይላሉ። ይህ ፍርሃት የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ብዙ እናቶች በአፋቸው ሳይናገሩት በልባቸው ይዘውት ይመለሳሉ። የነርሷ መልስ አጭር ነበር። የሽንት ቀዳዳና የማሕፀን በር መንገድ የተለያዩ ናቸው፤ ቱቦው የሚገባው ከላይ ባለችው በሽንት ቀዳዳ ነው፤ ድንግልናን አይነካም። ነርሷ በሥዕል አሳየቻቸው። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የራሴን ገላ አላውቀውም ኖሯል» ብለው ሳቁ።

ከቱቦው ጋር አብሮ የሚሄድ መድኃኒትም አለ። ፊኛው ያለ ጊዜው ለሚኮማተርበት ልጅ ኦክሲቡቲኒን የተባለው መድኃኒት ፊኛውን ያዝናናዋል፤ ግፊቱንም ይቀንሳል። አፍ ማድረቅ፣ ፊት ማቅላትና ሆድ ማድረቅ ሊያስከትል ይችላል። ላብንም ስለሚቀንስ በፀሐይ ሰዓት ልጁን ጥላ ማስያዝ ይገባል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው። ቱቦውና መድኃኒቱ ያልበቃቸው ልጆችም ሐኪሞች ሌላ መንገድ አላቸው፤ በፊኛው ጡንቻ ላይ የሚወጋ መድኃኒት፣ ከዚያም ሲያልፍ ፊኛውን በአንጀት የማስፋት ቀዶ ጥገና አለ።

ልናርማቸው የሚገቡ ልማዶች

አንዳንድ እናቶች ሽንቱ እንዲወጣ የልጁን ሆድ በእጃቸው ይጫናሉ። መዝጊያው በጠበቀበት ፊኛ ላይ ይህ ሽንቱን ወደ ኩላሊት መግፋት ነው።

ሌሎች እናቶች ልጁ እንዳይረጥብ ውኃ ይነሡታል። የተጠማ ልጅ ሽንቱ ይወፍራል፣ አንጀቱ ይደርቃል፣ ለኢንፌክሽንም ይጋለጣል። ውኃ ይጠጣ፤ ፊኛውም በሰዓቱ ይውጣለት።

ሽንቱ ስለ ጠቆረ ወይም ስለ ሸተተ ብቻ ከመድኃኒት ቤት ጸረ ጀርም ገዝቶ መስጠትም ልክ አይደለም። በቱቦ በሚሸኑ ልጆች ሽንት ውስጥ ሳያሳምም የሚኖር ጀርም ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ምልክት ከሌለ አይታከምም። ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ የጎን ሕመም ወይም ደም ሲታይ ግን በዚያው ዕለት ሐኪም ማየት አለበት። በጭንቅላቱ ለሚጠራቀም ውኃ ማፍሰሻ ቱቦ የተደረገለት ልጅ ራሱን እያመመው ቢያስመልስ ወይም ቢደነግዝ አንድ ሰዓት እንኳ መቆየት አይገባም።

የሆድ ድርቀትም የፊኛ ጠላት ነው። የሞላ አንጀት ፊኛውን ይጫነዋል። ጎመን፣ ምስርና ፍራፍሬ መስጠት፣ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ በአንድ ሰዓት ፖፖ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። በመጨረሻም እነዚህ ልጆች ላቴክስ ከተባለው ጎማ ጋር ብዙ ጊዜ ስለማይስማሙ ቱቦም ጓንትም ከላቴክስ ነጻ መሆኑን፣ አሻንጉሊት ፊኛም አለመሰጠቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ጸበል የሚወስዱ እናቶች ይውሰዱ፤ የሚከለክላቸው የለም። ቱቦውና መድኃኒቱ ግን ከልጁ ጋር አብረው ይሂዱ፤ ሰዓቱም አይቋረጥ።

ቤት፣ ሥራና ትምህርት ቤት

ውቤ በረሃ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። በአንድ ዘመን በሌሊት ጭፈራው የታወቀ ሠፈር ነበር። ዛሬ የምናነጋግራቸው እናት በሚኖሩበት ግቢ የውኃው ቧንቧ የጋራ ነው፤ መጸዳጃውም የጋራ ነው። በዚያ መጸዳጃ ልጅ አስቀምጦ ቱቦ ማስገባት አይታሰብም። እናቲቱ ከአልጋቸው ጎን መጋረጃ ሰቅለው፣ የተሸፈነ ባልዲ፣ አንድ ሳፋና ክዳን ያለው የላስቲክ ሣጥን አዘጋጅተዋል። «ይህች ማዕዘን የእርሷ ሐኪም ቤት ናት» ይላሉ።

ከባዱ የቀኑ ሰዓት ነበር። እናቲቱ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሥራ ይተዳደራሉ። በየ4 ሰዓቱ ወደ ቤት መመላለስ አይችሉም። በመጀመሪያ ሥራውን ተምረው የረዷቸው ጎረቤታቸው የነበሩ አንዲት ባልቴት ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩ አሮጌ ቤቶች ለልማት ሲነሡ ከአካባቢው ብዙ ቤተሰብ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ እኚያ ባልቴትም ልጃቸውን ተከትለው ራቁ። «ቡና ጠጪዬን ብቻ ሳይሆን ሁለተኛ እጄን ነው ያጣሁት» ይላሉ እናቲቱ። ለሦስት ወር ያህል ልጅቱ የምሳ ሰዓቱ እየታለፋት ዋለች። ትኩሳቱም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር።

በትምህርት ቤትም ሌላ ፈተና ነበር። ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ከአጠገቧ ይነሡ ጀመር። አንድ ቀን ልጅቱ «እማዬ፣ ነገ አልሄድም፤ ቤት ተቀምጬ ፊደል ላጥና» አለቻቸው። እናቲቱ ያን ሌሊት አልተኙም። ሲነጋ እስከዚያ ድረስ ለማንም ያልተናገሩትን ለክፍል አስተማሪዋ ለመናገር ቆረጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ።

አስተማሪዋ አዳመጠች። የመምህራን መጸዳጃ ቁልፍ ለልጅቱ እንዲሰጣት፣ በዕረፍትና በምሳ ሰዓት ያለ ጥያቄ እንድትወጣ ተደረገ። ሥራውን የሚሠራላት ግን ማን ነው? እዚህ ላይ ነርሷ ያልታሰበ ነገር ተናገረች፤ «ራሷ ትሥራው» አለች። ጣቶቻቸው የሚታዘዙላቸውና ነገር የሚገባቸው ልጆች ከስድስት፣ ከሰባት ዓመት ጀምሮ በመስታወት እየታገዙ መማር ይችላሉ። ልጅቱ በሁለት ሳምንት ተማረች። ቱቦዋን በእርሳስ መያዣ መሰል ቦርሳ ይዛ ትሄዳለች። ጓደኞቿ ዘንድ የሚሸት ነገር የለም።

አባቶችንም በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንጠይቃለን። የልጁ ቱቦ የእናት ሥራ ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም። እናቲቱ በሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት የአባት ንጹሕ እጅ እኩል ያገለግላል።

የት ይኬዳል?

በአዲስ አበባ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ስፓይና ቢፊዳና በጭንቅላት የውኃ መጠራቀም ያለባቸው ሕፃናት በብዛት ከሚታከሙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች አሉት። ሆፕ ኤስ ቢ ኤች የተባለው በወላጆች ጥረት የተቋቋመ ድርጅትም ለእነዚህ ቤተሰቦች ምክርና ድጋፍ ይሰጣል። ሕፃኑ ጀርባው ተዘግቶ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት «የፊኛውና የኩላሊቱ ምርመራ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ የእናት መብት ነው። ልጁ ባይታመምም ኩላሊቱ በአልትራሳውንድ በየጊዜው መታየት አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ።

ኩላሊት አንዴ ከሞተ የሚቀረው በሳምንት ብዙ ጊዜ በመሣሪያ ደም ማጣራት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። በአገራችን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ይህ የሚያስመሰግን ቢሆንም ወጪውና ድካሙ ከአንድ ቱቦና ከአንድ ሳሙና ጋር አይወዳደርም።

ከመፀነስ በፊት

በሽታው በአገራችን የበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በአዲስ አበባ ሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከ10,000 ወሊድ 126 ያህሉ የአከርካሪ ወይም የራስ ቅል አለመግጠም እንዳለባቸው አሳይቷል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚገመተው 20 ገደማ ነው።

ከሚታወቁት ምክንያቶች አንዱ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን ማነስ ነው። የሕፃኑ አከርካሪ ገጥሞ የሚያልቀው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው እንክብል ለዚህ ጉዳይ ዘግይቶ ይደርሳል። ልትወልድ የምታስብ ሴት ከመፀነሷ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ በየቀኑ 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ልትወስድ ይገባል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ 4 ሚሊግራም ትወስዳለች። በእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት ይህ መጠን ችግሩ እንዳይደገም ከመቶ 72 ያህል ቀንሶታል። አገራችንም በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቃለች። ዱቄት ስንገዛ መበልጸጉን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዳለበት ማየት እንልመድ።

በመጨረሻም ወደ ውቤ በረሃዋ እናት እንመለስ። በሦስተኛው ወር በተደረገው አልትራሳውንድ ያበጠው ኩላሊት ሸምቅቆ ተገኝቷል። ሐኪሙ «ጠባሳው አይጠፋም፤ ግን አልባሰም» ብለዋቸዋል። ልጅቱ አሁንም አንዳንድ ቀን ትረጥባለች። እናቲቱ ግን ጨርቁን ብቻ አይቶ መፍረድ ትተዋል። ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ወረቀት አሳዩን። የጠዋት፣ የምሳ፣ የአሥር ሰዓትና የማታ የሚሉ አራት መስመሮች አሉት። በእያንዳንዱ መስመር ልጅቱ ራሷ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። እኛ በሄድንበት ዕለት የአሥር ሰዓቱ ቦታ ገና ባዶ ነበር። ልጅቱ ሰዓቱን አየችና ቦርሳዋን አንሥታ ወደ መጋረጃው ሄደች።